የየትኛው ሐይቅ ዳርቻ?

ለክቡር አቶ ሰላሀዲን ሙስዓብ
የ«ሚዛናዊ እድገት» ልማት ኮሚቴ ሊቀመንበርና ለክልል ምክር ቤት የግል ዕጩ
ሐይቅ

ግንቦት 23 ቀን 2013 ዓ.ም.

አሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላሂ።

ክቡርነትዎ፣ ይህ ደብዳቤ ሲደርስዎ ጉሮሮዎ በሙሉ ጤንነት ላይ እንዲሆን እመኛለሁ። በቅስቀሳው ምክንያት በቀን ሦስት ጊዜ እየተናገሩ፣ አንዳንዴም እያዜሙ ስለሆነ ከአካልዎ ሁሉ ይበልጥ የሚያሳስበኝ እሱ ነው፤ አላህ ድምፅዎን ያቆይልን። ለቤተሰብዎ፣ ለሾፌርዎ፣ የፖስተርዎን ፎቶ ላነሳው ባለሙያም ጭምር ጤና እመኛለሁ። ከእኔ በሁለት ወር ብቻ የሚያንሱትን እርስዎን የአርባ ዓመት ጎልማሳ አስመስሎ ማውጣት ቀላል ሙያ አይደለም።

በግልጽ ደብዳቤ የምጽፍልዎ በዝግ ፖስታ የላክኋቸው ሁለት ደብዳቤዎች መልስ ስላላገኙ ነው። ለማያውቁኝ አንባቢዎች ስሜ ኑርሁሴን ሀምዱ ነው። በዩኒቨርሲቲ ጂኦግራፊ ተምሬ ሃያ ስምንት ዓመት አስተምሬያለሁ፤ የምኖረውም ኬላ ማዶ ነው። ኬላ ማዶ ማለት ከሐይቅ ከተማ ወደ ውጫሌ ሲወጣ ከፍተሻው ገመድ ወዲያ ያለው ሰፈር ነው። ከተማው እየሰፋ ሄዶ እኛ ዘንድ ደርሷል፤ የቧንቧ ውሃው ግን እስከ ገመዱ መጥቶ ቆሟል። በዚህ ዓመት ደግሞ ከየአቅጣጫው የተፈናቀሉ ቤተሰቦች እየመጡ ከእኛው ጋር ስለተከራዩ ሰዉ እጥፍ ሆኗል፤ ውሃው ግን እዚያው እንደቆመ ነው።

ቅሬታዎቼን በቁጥር አቀርባለሁ። ቁጥር እንደሚወዱ «አምስት ቅድሚያዎች ለሚዛናዊ እድገት» ከሚለው ማኒፌስቶዎ ተረድቻለሁ።

አንደኛ። ስላነበቡኝ አመሰግናለሁ። በ2010 ዓ.ም.፣ ሰው ሁሉ ስለ ለውጥ በሚያወራበት ወቅት፣ በአዳራሽ ተሰብስበን «ሐሳብ ያለው በጽሑፍ ያቅርብ» ተብለን ነበር። ሐሳብ የነበረው ብዙ ነው፤ በጽሑፍ ያቀረበው ግን እኔ ብቻ ነበርኩ፤ አሥራ ዘጠኝ ገጽ። እርስዎ ከመድረኩ ጫፍ ተቀምጠው ነበርና ተቀብለውኝ «መምህር፣ ቤቴ ወስጄ ረጋ ብዬ አነበዋለሁ» አሉኝ። ሦስት ዓመት ሙሉ «ሸንግሎኝ ነው» እያልኩ ሳማዎት ኖሬያለሁ፤ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ማኒፌስቶዎ በየመብራት ምሰሶው ላይ ሲለጠፍ ቆሜ ሳነበው ከገጽ ሦስት እስከ ገጽ ሰባት ያለው ጽሑፌ ነው፤ አንድ ፊደል እንኳ አልጎደለም። በገጽ አምስት ላይ «አስፈላጊ» የሚለውን ቃል በታይፕ ስህተት ሁለት ጊዜ አስከትዬ ጽፌው ነበር፤ በእርስዎም ላይ ሁለት ጊዜ አለ። ስህተቴን እንኳ ሳይነኩ በክብር ያስቀመጡልኝ ብቸኛው አንባቢዬ እርስዎ ነዎት። ስሜን ብቻ ነው የተዉት፤ እሱም ምናልባት ከፖስተሩ ጥበት የተነሳ ይሆናል።

ሁለተኛ። ከአምስቱ ቅድሚያዎች የመጀመሪያው እንዲህ ይላል፦ «የሐይቅ ዳርቻ ከመሐሉ እኩል የቧንቧ ውሃ እስኪያገኝ ድረስ ሌላ ግንባታ አይጀመርም።» ይህን ዐረፍተ ነገር የጻፍኩት ገመዱ ማዶ ካለው ቤቴ ደጃፍ ተቀምጬ፣ ሰፈሬን እያየሁ ነው። ሐይቅ ስል ከተማዋን፣ ዳርቻ ስልም እኛን ማለቴ ነበር። የሰፈሩ ሰውም የተረዳው እንደዚያው ነው። ርቀው በሥራ ላይ ያሉ የአካባቢው ልጆች ቧንቧውን ገዝተው ለኮሚቴዎ እንደላኩ፣ ጉድጓዱን ቆፍረን ብንጠብቅ ወዲያው እንደሚዘረጋልን ራስዎ ሰፈራችን ድረስ መጥተው ሲነግሩን በጭብጨባ የተቀበልንዎትም ለዚህ ነው።

ቆፈርን። ዐቢይ ጾምና ረመዳን በተገናኙበት በሚያዝያ ወር፣ ጠዋት ጠዋት፣ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ጾሙን ሳይፈታ ቆፈረ። ያልጾመ ስላልነበረ ውሃ አምጡልኝ ያለ ሰው አልነበረም፤ ይህም መልካም ሆነ፣ የሚመጣ ውሃ አልነበረምና። አንድ ሺህ ሁለት መቶ አርባ ሜትር ነው፤ በራሴ ሜትር ለክቼዋለሁ። ከዒድ በኋላ ባለው ሰኞ ቧንቧዎቹ በመኪና መጥተው በእትዬ ስህን አጥር ሥር ተደረደሩ። እትዬ ስህን የሰፈራችን ትልቅ ሰው ናቸው፤ ባለቤታቸው ከሞቱ ጀምሮ ለብቻቸው ይኖራሉ፤ ስድሳ ሰባት ዓመታቸው ቢሆንም የመጀመሪያውን ዶማ የመቱት እሳቸው ናቸው። ቧንቧውን ፀሐይ እንዳይሰነጥቀው ብለው የማድቤታቸውን ጣሪያ የሚሸፍኑበትን ፕላስቲክ አውርደው አለበሱት። «ውሃው ደጄ የገባ ቀን ይቺን ጀሪካን ለኬላ ጠባቂዎቹ እሰጣታለሁ፤ መቀመጫ ያድርጓት!» እያሉ ያስቁን ነበር።

ግንቦት 17 ቀን፣ ማክሰኞ፣ አንድ አይሱዙ መጣ። ሾፌሩ ሙላት የሚባል ጨዋ ሰው ነው፤ በእሱ ቅሬታ የለኝም። ኮሚቴው የጻፈለትን ወረቀት አሳየን፦ «በቅድሚያ አንድ መሠረት ቧንቧዎቹ ወደ ሐይቅ ዳርቻ ይጓጓዙ።»

ክቡርነትዎ፣ እዚህ ላይ እባክዎ አይሳቁብን። እኛ ያሰብነው ከጉድጓዱ ላይኛው ጫፍ ሊያራግፉልን ነው ብለን ነበር። እትዬ ስህን ወረቀቱ ሲነበብላቸው «ታዲያ ዳርቻው እኛ አይደለን? ጫኑለት እንጂ፣ ምን ትገተራላችሁ!» አሉ። ጫንንለት። እኔም በዚህ ወገቤ ሁለቱን ተሸክሜያለሁ። ጎረቤታችን ወይዘሮ ኡሙሰልማ ቆመው ዱዓ አደረጉ፤ «ያ ረቢ፣ በደህና አድርሰው» ሲሉ ሁላችንም አሚን አልን፤ እትዬ ስህንም በእልልታ ተቀበሏቸው። ሙላትም በመስኮት እጁን አውጥቶ ሰላም አለንና ሄደ። መኪናው የጉድጓዱን ጫፍ አልፎ፣ ገመዱን አልፎ፣ ከተማውን አቋርጦ ወደ ሐይቁ ታጠፈ። የገዛ ቧንቧውን በገዛ ጀርባው ጭኖ፣ መርቆና እልል ብሎ የሸኘ ሰፈር ከእኛ በፊት ነበረ ይሆን? ዱዓው ግን ደርሷል፤ ቧንቧው በደህና እንደገባ አረጋግጫለሁ።

ሦስተኛ። ያረጋገጥኩት ቅዳሜ ዕለት በእግሬ ሐይቁ ድረስ ሄጄ ነው። ኮሚቴዎ በሚያሠራው የመዝናኛ ሥፍራ ቧንቧው ተቀብሮ፣ ተገጥሞ፣ ውሃ ይዟል። እኛ ወር ሙሉ ቆፍረን የጠበቅነው ሥራ እዚያ በአራት ቀን አልቋል። ከሐይቁ ሃያ እርምጃ ርቆ አንድ ሰው በጎማ ሣር ያጠጣል። ሣሩ አረንጓዴ ነው፤ እንደ ምንጣፍ ተስተካክሎ ታጭዷል፤ ጦርነቱ ሲያልቅ ይመጣል ለሚባለው ቱሪስት መቀመጫ ነው አሉኝ። ከሐይቁ የወጡ ሁለት ይብራዎች እርጥቡ ላይ ይንጎራደዳሉ። ቆሜ አየሁ። ሰው በሰው ይቀናል፣ በመሬት፣ በልጅ ይቀናል፤ እኔ በሃምሳ አራት ዓመቴ በሣር ቀናሁ። ሥሩ ድረስ ሲረካ እያየሁ «ምን አድርገህ ነው?» ብዬ ልጠይቀው ምንም አልቀረኝም።

ለሐይቁ የቧንቧ ውሃ ስላደረሱለት ምስጋናዬን ሳላቀርብ አላልፍም። «ከመሐሉ እኩል» የሚለውን ሐረግ እንዴት እንደተረዱት ግን እስካሁን ይከነክነኛል፤ እኔ እስከማውቀው ድረስ የሐይቁ መሐል የውሃ ችግር ኖሮበት አያውቅም።

እዚህ ላይ ስለ ገመዱ ትንሽ ልጨምር፤ በመኪና ስለሚያልፉ ምናልባት አላስተዋሉት ይሆናል። ለእኛ የሚቀርበው ቦኖ ከገመዱ ወዲህ፣ ከተማው ውስጥ ነው። ጦርነቱ ከተጀመረ ወዲህ ፍተሻው ጠብቋል፤ ጠባቂዎቹም ሥራቸውን ነው የሚሠሩትና አልከፋባቸውም። ጀሪካን ተሸክሞ የሚያልፍ ሰው ውሃ ይሁን ቤንዚን እንዲታወቅ ከፍቶ መቅመስ አለበት። በሚያዝያ አንድ ቀን እትዬ ስህን ሃያ ሊትር አዝለው ገመዱ ጋ ሲደርሱ ጠባቂው «እማማ፣ ይቅመሱት» አላቸው።

«በጾም ልታስገድፈኝ ነው? ቤተ ክርስቲያን ገና አልወጣ!»

«ትእዛዝ ነው፣ እማማ።»

«እንግዲያው አንተው ቅመሰው!»

«ወላሂ እኔም ጾመኛ ነኝ።»

የሚቀምስ ጠፋ። ጀሪካኑ ገመዱ ሥር ተቀምጦ፣ ከኋላ ሰልፉ ተከማችቶ፣ በመጨረሻ ጭነት ይዛ የቆመች የአንድ ገበሬ አህያ ቀርባ ጠጣች። አህያዪቱ አለመሞቷ ሲታይ እትዬ ስህን አለፉ። «ዛሬ የመሰከረችልኝ እሷ ናት፤ ከሰው ትሻላለች» እያሉ ወሩን ሙሉ ሲያወሩት ሰነበቱ። እኛ ሳቅን። የእትዬ ስህን ጉልበት ግን ከዚያን ቀን ወዲህ አብጦ አልተመለሰም፤ አሁን ውሃቸውን የሚያመጡላቸው ጎረቤቶች ናቸው። እሳቸውም ውለታ ስለሚከብዳቸው አሥር ሊትሯን ለሦስት ቀን ያብቃቋታል። እኔ የምጽፍልዎ ስለ እድገት አይደለም፤ ስለዚህች አሥር ሊትር ነው።

አራተኛ። ባለቤቴ ዙሌይካ ይህን ነጥብ እንድሰርዘው ጠይቃኝ ነበር። «ቅናት ነው ይሉሃል» አለችኝ። ቅናት ስለሆነ ነው የማልሰርዘው።

ያስታውሱ እንደሆነ አሥረኛ ክፍል በአንድ ዴስክ ላይ እንቀመጥ ነበር። የሐይቁን ካርታ ልኩን ጠብቃችሁ ሥሩ ተባልን። እኔ ዳርቻውን እየዞርኩ በእርምጃ ለክቼ ሠራሁ። እርስዎ የእኔን ካርታ በመስኮት መስታወት ላይ አስደግፈው ገለበጡትና ውሃውን በሰማያዊ እርሳስ ቀቡት። እርስዎ ከእኔ በሁለት ማርክ በለጡ፤ ካርታዎም ግድግዳ ላይ ሦስት ዓመት ተሰቀለ። ያቺን ሁለት ማርክ እስከ ዛሬ አልረሳኋትም። ከዚያ በኋላም በየሠርጉ አምባሰልን ሲያዜሙ ሴቱ ሁሉ ሲያጨበጭብልዎ አይቻለሁ፤ እኔ ሳዜም የሰማ ሰው ያለ እንደሆነ የሰማው አሞኝ እያቃሰትኩ ነው። አሁን ደግሞ ምስልዎ ያለበት የዓመቱ ካላንደር በየቤቱ ሲታደል፣ የገዛ ባለቤቴ ከመጽሐፍ መደርደሪያዬ በላይ፣ ዲግሪዬ ተሰቅሎበት በነበረው ምስማር ላይ ሰቅላዋለች። ዲግሪዬ ወዴት እንደሄደ ስጠይቃት «ካላንደሩ ቀኑን ይነግረናል፤ ያኛው ምን ይነግረናል?» አለችኝ። ስለዚህ ክቡርነትዎ፣ አዎን፣ እቀናብዎታለሁ። ሰው የሚወድዎት ሳይለፉ ነው፤ እኔን ለፍቼም የሚታገሠኝ ዙሌይካ ብቻ ናት።

አምስተኛውና የመጨረሻው። ይህን ሁሉ ቁጭት ይዤ ዛሬ ጠዋት ኮሚቴዎ ቢሮ ሄጄ ነበር። እርስዎ አልነበሩም፤ ጸሐፊዎ አቶ ባድሩ በትሕትና ተቀበለኝ። «ይህ ጽሑፍ የኔ ነው፤ ተሰርቋል» ብዬ ጠረጴዛ መታሁ። አቶ ባድሩ አልተቆጣም። መሳቢያውን ከፍቶ አሥራ ዘጠኙን ገጽ፣ የራሴ ፊርማ ያረፈበትን ዋናውን ቅጂ አውጥቶ ፊቴ አስቀመጠው።

«መምህር፣ የእርስዎ መሆኑን ማን ካደ?» አለኝ። «እኛ የሠራነው እርስዎ በጻፉት ነው። ሐይቅ ይላል፤ ሐይቅ ሄድን። ዳርቻ ይላል፤ ዳርቻው ላይ ዘረጋን። ከተማ የሚል የት አለ? አሳዩኝና ቧንቧውን ዛሬውኑ አስነሳለሁ።»

ፈለግሁ። በገጽ አንድ ርዕሱ ላይ «ለሐይቅና ለዳርቻዋ» ይላል። በገጽ ሦስት፣ በአራት፣ በሰባት «የሐይቅ ዳርቻ» ይላል። አሥራ ዘጠኙን ገጽ እዚያው ወንበር ላይ ቁጭ ብዬ ጨረስኩት። የተማሪን ድርሰት «ግልጽ አይደለም» እያልኩ በቀይ እስክሪብቶ ስሰርዝ የኖርኩት ሰውዬ፣ ከተማውና ውሃው በአንድ ስም በሚጠሩበት አገር ተወልጄ ያደግሁት ሰውዬ፣ «ከተማ» የምትለዋን ቃል አንድም ቦታ አልጻፍኩም። ቤቴ ደጃፍ ተቀምጬ ስለጻፍኩ የሚያነበውም ሁሉ እዚያው ደጃፌ ላይ የተቀመጠ መስሎኝ ነበር።

ወደ ሰፈር ተመልሼ ለእትዬ ስህን ነገርኳቸው። ጉልበታቸውን በሙቅ ጨው እያሹ አዳመጡኝና «አንተ ኑርሁሴን፣ ያን ሁሉ ገጽ ስትሞላ 'ከተማ' የምትል ቃል አልቃብህ ነው?» አሉኝ። ከዚያ ቀና ብለው አይተውኝ «አብሽር፣ ይመለሳል» አሉኝ። ከስድቡ ይልቅ ያመመኝ ማጽናናታቸው ነው።

እንግዲህ ክቡርነትዎ፣ ሦስት ወር ሙሉ በየሻይ ቤቱ «የኔ ነው፣ የኔ ነው» እያልኩ ስምዎን ሳነሳና ስጥል ከርሜ፣ አሁን በአደባባይ እንዲህ እላለሁ። ዐረፍተ ነገሩ የኔ ነው፤ ትክክለኛ ንባቡም «የሐይቅ ከተማ ዳርቻ» ነው። የጎደለችው አንዲት ቃል ናት፤ ያጎደልኳትም እኔ ነኝ፤ የከፈሉት ግን እትዬ ስህን ናቸው። እርስዎ ደግሞ ጉድጓዱ የት እንደተቆፈረ በዓይንዎ አይተዋል፤ ስንቆፍር መጥተው ከአፋፉ ቆመው ፎቶ ተነስተዋል። ቃሌ ቢያሳስትዎ እንኳ ጉድጓዱ አያሳስትዎትም ነበር።

አንድ ውል ላቅርብልዎ። አሥራ ዘጠኙን ገጽ ይውሰዱት። ከዛሬ ጀምሮ ማኒፌስቶውን የጻፉት እርስዎ መሆንዎን በፈለጉት መድረክ ቆሜ እመሰክራለሁ፤ ከፈለጉም ካርታውን እጨምርልዎታለሁ፣ ሁለቷ ማርክም ሐላል ትሁንልዎ። በምላሹ የምጠይቀው ቧንቧዎቹ ክረምቱ ሳይገባ እንዲመለሱ ብቻ ነው፤ አንድ ከባድ ዝናብ ከጣለ ጉድጓዱ በደለል ይሞላል፤ ያንን ጉድጓድ ደግመው የሚቆፍሩ ጉልበቶች ዘንድሮ ሰፈራችን የሉም። አይሱዙው ሲመጣ እንደገና ተሰልፈን እናራግፋለን፤ ዱዓውም እልልታውም አለ። ጽሑፉ ሙሉ በሙሉ የእርስዎ ይሁን፤ ስህተቱን ብቻ በስሜ ይተዉልኝ።

ለሣሩ ሰላምታዬን ያቅርቡልኝ። ድምፅዎ ሳይዘጋ፣ ፎቶዎ በፀሐይ ሳይደበዝዝ፣ ከዚህ በፊት እንደገለበጡልኝ ሁሉ ይህንንም ደብዳቤ ሳይቀንሱ እንደሚያነቡት በጽኑ ተስፋ እያደረግሁ፣ ከትልቅ አክብሮትና ከማልደብቀው ቅናት ጋር እሰናበትዎታለሁ።

ኑርሁሴን ሀምዱ
የቀድሞ የዴስክ ጓደኛዎና የአሁኑ ጸሐፊዎ
ኬላ ማዶ፣ የሐይቅ ከተማ ዳርቻ

ድኅረ ጽሑፍ፦ የምርጫ ምልክትዎ እንስራ መሆኑን እትዬ ስህን ትናንት ከምሰሶው ላይ አይተው «ይሄ እንስራ ሙሉ ነው ባዶ?» ብለው ጠየቁኝ። ከሥዕሉ እንደማይታወቅ፣ ግን ሰኔ 14 ቀን ጠዋት ወደ ምርጫ ጣቢያው ከመሄዳችን በፊት ደጃቸው ያለውን ጉድጓድ አይተን እንደምንለይ ነግሬያቸዋለሁ። ኬላ ማዶ የመራጭነት ካርድ የያዝነው አራት መቶ አሥራ ሁለት ሰዎች ነን። ቁጥሩን ሁለት ጊዜ አጣርቻለሁ፤ በዚህኛው የጎደለ ቃል የለም።